ምስልና ዜማ በአንድ ሰዓት፦ ከላንጋኖ ዳር የተነሣ የካሴት ታሪክ

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ብዙ ቤት ውስጥ ከቁም ሳጥን በላይ ወይም ከአልጋ ሥር ጥቁር የቪዲዮ ካሴቶች ተቀምጠዋል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና የቤተሰብ ሽርሽር የተቀረጸባቸው ናቸው። የሚያጫውታቸው ዴክ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ካሴቱን ግን ሊጥለው የሚጨክን የለም።

እስቲ ከነዚህ አንዱን በሐሳባችን እናንሣ። ጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ «ላንጋኖ 1988» ተብሎ ተጽፎበታል እንበል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነፋሱ ተነሥቶ ቡናማው ውሃ ይነቃነቃል። ሙሽሮቹ በአሸዋው ላይ ይሄዳሉ፤ ሚዜዎቹ ከኋላ ይከተላሉ። ከምስሉ ጥግ አንድ ልጅ ሮጦ ይመጣና ዘሎ ውሃው ውስጥ ይገባል። ዛሬ አንድ ሙዚቀኛ ይህን ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ፣ የልጁ እግር ውሃውን በነካባት ቅጽበት ከበሮ ልምታ ቢል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የዚያች የጥቂት ደቂቃ ሥራ ታሪክ ግን መቶ ዓመት ያህል ወደኋላ ይወስደናል። አስቸጋሪው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ምስሉ በራሱ ሰዓት ይሄዳል፤ ሙዚቃው በራሱ። ቀጠሮ ሲያዝ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች ስለሆንን ጉዳዩ አይጠፋንም። ሁለቱ ሰዓታቸውን ካላስማሙ አይገናኙም። የማጀቢያ ሙዚቃ ታሪክ ምስልና ዜማ አንድ ሰዓት እንዲቆጥሩ የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው፤ የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መግባትም የዚያ ጥረት ትልቁ መታጠፊያ ነው።

እስከ 1948 ዓ.ም.፦ ዓይን የሚመራው ሙዚቃ

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው፤ ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ለሚያይ ዓይን ሌላ ስም አልመጣለትም። ያኔ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። በአውሮፓና በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ፒያኖ ወይም ኦርጋን የሚጫወት ሰው ከመጋረጃው ፊት ተቀምጦ፣ ምስሉን በዓይኑ እየተከተለ ያጅብ ነበር። የእኛ ልጅ በዚያ ዘመን ቢዘል ከበሮው የሚመታው ተጫዋቹ ዝላዩን አይቶ እጁን ሲሰነዝር ነው፤ በየምሽቱም ምቱ የተለያየ ቦታ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ከምስሉ ጎን በፊልሙ ጠርዝ ላይ አብሮ መታተም ጀመረ። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ምስል እያሳየ እኩል እንዲሄድ የተደረገውም ያኔ ነው። በዚህ ምክንያት ሙዚቀኛው ቅጽበትን በዓይኑ ከመገመት አልፎ ምስል መቁጠር ቻለ። ማክስ ስታይነር እ.ኤ.አ. በ1933 ለወጣው «ኪንግ ኮንግ» ሰፊ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ሲጽፍ፣ ዜማው በምስሉ ላይ የሚታየውን እርምጃ ተከትሎ እንዲረግጥ አድርጎ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በፊልሙ የድምፅ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ እየበሱ፣ የሚፈጠረውን «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ምት በጆሮ ማዳመጫ ለሙዚቀኞቹ ማሰማት ተለመደ። ምስልና ዜማ የተስማሙበት የመጀመሪያው ሰዓት ይህ ነበር።

ቀጥሎ ማግኔት መጣ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድምፅን ቴፕ በሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ክር ላይ በማግኔት መቅረጽ ጀመሩ። በሚያዝያ 1948 ዓ.ም. ደግሞ አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ምስልንም እንዲሁ መቅረጽ እንደሚቻል በይፋ አሳየ። መሣሪያውን ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ሬይ ዶልቢ ነው፤ ስሙ ዛሬም በየሲኒማ ቤቱ ይታያል።

ቴፕ ለቴሌቪዥን ሰዎች ትልቅ በረከት ቢሆንም ለሙዚቀኛው አዲስ ጭንቅ ይዞ መጣ። ፊልምን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ምስሎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ቴፕ ግን እንደ ላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ከላይ አይታይም። ልጁ የሚዘልበትን ቦታ በጣት ነክቶ «እዚህ ነው» ማለት አልተቻለም።

ከ1957 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ቴሌቪዥን በማዘጋጃ ቤት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. መባቻ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ከዋና ከተማውም ብዙ አይርቅም ነበርና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ገና አልደረሳቸውም። አብዛኛው ዝግጅት በቀጥታ የሚተላለፍ ነበር። ድምፃዊው ይዘፍናል፤ ባንዱ ያጅባል፤ ካሜራው ያያል። ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ስለሚሆን ሰዓት የማስማማት ጣጣ አልነበረም። ሰዎቹም የሠለጠኑ ነበሩ፦ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የሀገር ፍቅር ቴአትር ሙዚቀኞች መድረክ ላይ ተዋናይን እያዩ ማጀብን ያውቁበታል።

ፊልምም በዚያው ዓመት ተወለደ። በላምብሮስ ጆካሪስ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ ኢላላ ኢብሳ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» መጣ፤ ስሙን የወሰደው ደም ከሚታረቅበት የኦሮሞ ባህላዊ ሥርዓት ነው። እነዚህ በፊልም የተቀረጹ ሥራዎች ነበሩ። ፊልም ለማጠብና ለመቁረጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ ስለሆነ በአሥር ዓመት ውስጥ የተሠሩት ረጅም ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለፊልም ብቻ ሙዚቃ እየሠራ የሚያድር ባለሙያ ሊፈጠር ያልቻለውም ለዚህ ነው፤ ሥራው ከሌለ ሙያው ከየት ይመጣል?

ሙዚቃው ግን በራሱ መንገድ እየገሰገሰ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ሙላቱ አስታጥቄ የሀገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐደባቸው በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ሥራዎቹ የወጡት በዚህ ዘመን ነው። እነዚያ ዜማዎች ምስላቸውን ሠላሳ ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው።

ከ1967 እስከ 1976 ዓ.ም.፦ በክሩ ላይ የተጻፈ ሰዓት

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊ መጣ። የምሽት ክበቦች ተዳከሙ፤ ሸክላ ማሳተም ቀስ በቀስ ቆመ፤ ሙዚቃው በድምፅ ካሴት ላይ ወደ ቤትና ወደ ታክሲ ገባ። ሕዝቡ ከቴፕ ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው። ክሩ ሲወሳሰብ በእስክሪፕቶ ማጠንጠን፣ ባትሪ ሲደክም የድምፃዊው ድምፅ ወፍሮ ሲጎተት መስማት የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ። የቴፕ ፍጥነት ሲለወጥ ዜማው አብሮ እንደሚለወጥ ለማወቅ ማንም ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም።

በዚህ ጊዜ በውጭው ዓለም የቴፕ ጭንቅ መፍትሔ አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተፈለሰፈውና ብዙም ሳይቆይ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው «ታይም ኮድ» ለእያንዳንዱ ምስል ስምንት አኃዝ ያለው አድራሻ ሰጠው፦ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሴኮንድና ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል። አድራሻው በድምፅ መልክ ከቴፑ ጠርዝ ላይ ይቀረጻል፤ በጆሮ ቢሰማ የሚያስጨንቅ ጩኸት ነው፤ ለመሣሪያ ግን ግልጽ ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ በምንጠቀምበት የፓል ሥርዓት አንድ ሴኮንድ 25 ፍሬም አለው፤ አንዱ ፍሬም ከሴኮንድ ሺህ እጅ 40ውን ይይዛል። «ልጁ የሚዘለው በ12ኛው ደቂቃ፣ በ31ኛው ሴኮንድ፣ በ7ኛው ፍሬም ነው» ማለት የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ካሴቱም ወደ ቤት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሶኒ ቤታማክስን፣ በ1976 ጄ.ቪ.ሲ. ቪ.ኤች.ኤስን አወጡ፤ ግማሽ ኢንች ስፋት ያለውን ክር በዕቃው ውስጥ አሽጎ የያዘው ቪ.ኤች.ኤስ ውድድሩን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ቋንቋ ታወጀ። ለሙዚቀኛው የሚያስፈልጉት ሦስቱም ነገሮች፣ ርካሹ ካሴት፣ በክሩ ላይ የተጻፈው ሰዓትና የሚታዘዘው ኪቦርድ፣ ተሟልተው ተገኙ።

በዚሁ ዘመን ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ጋር በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም አቀረበ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ፊልሙ በጣሊያን፣ በቦሎኛ ከተማ ታድሶ እንደገና ታየ። ፊልሙ ተጠብቆ ስለቆየ መታደስ ቻለ። ወደዚህ ነገር ትርጉም መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም.፦ ቀለም፣ ዴክና ኪቦርድ

በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማስተላለፍ ጀመረ። ዴክም ወደ ከተሞቹ ገባ። ከዓረብ ሀገር የሚመለሱ ሰዎች ይዘውት ይመጣሉ፤ በጅቡቲና በድሬዳዋ በኩል የሚገባውም ባቡሩን ተከትሎ አዳማ ይደርሳል። ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ፤ የሕንድና የካራቴ ፊልም ለማየት ልጆች ሳንቲም ይዘው ተሰለፉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ካሜራ በትከሻው የተሸከመ ሰው የሠርግ አንዱ ሹም ሆነ። ሙሽሮችም ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ወንዶ ገነት፣ ወደ ሐዋሳ ለሽርሽር ሲወጡ ካሜራማኑ አብሮ ይወጣል። የእኛ የላንጋኖ ካሴት የዚህ ልማድ ልጅ ነው።

በዚያ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ሙዚቃ የሚገባው እንዴት ነበር? ሁለት ዴክ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀርጻል። ከጎን የድምፅ ካሴት ማጫወቻ አለ። ኤዲተሩ ሁለቱን በሁለት እጁ እኩል ይጫናል። ዘፈኑ ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ እንዲጀምር ከፈለገ ወደኋላ መልሶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደገና ይሞክራል። ይህ በጣት የሚሠራ ሰዓት ነው፤ ከሰይጣን ቤት ዘመን ሙዚቀኛ ዓይን ብዙ አይርቅም። በየቅጂው ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል።

ሌላ እንቅፋትም ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የልጆቻቸውን ልደትና ሠርግ በካሴት ይልኩልን ነበር። ካሴቱ ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይንሸራተታል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ካሴቱ አልተበላሸም፤ አሜሪካ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ በተባለ ሥርዓት በሴኮንድ 30 ገደማ ፍሬም ስትቆጥር እኛ በፓል 25 እንቆጥራለን። የዚያ አቆጣጠር ትክክለኛ ቁጥር 29.97 መሆኑ ደግሞ ለሙዚቀኛ ወጥመድ ነበር። ሰላሳ ብሎ ለሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሴኮንድ ስሕተት ይጠራቀማል፤ በዚያ ልዩነት ልጁ ዘሎ፣ ጠልቆ፣ ወጥቶ ፀጉሩን ሊያራግፍ ይችላል፤ ከበሮው ግን ገና አልተመታም።

በውጭ ያሉ የፊልም ሙዚቃ ሠሪዎች በዚህ ጊዜ የሚሠሩት በቪ.ኤች.ኤስ ቅጂ ነበር። በምስሉ ጥግ የታይም ኮዱ ቁጥር ታትሞ ይሮጣል፤ ከሁለቱ የድምፅ መስመሮች አንዱ ንግግሩን፣ ሌላው የሰዓቱን ጩኸት ይይዛል። ጩኸቱ ኪቦርዶቹን የሚያዘውን መሣሪያ ከቴፑ ጋር ያስኬደዋል። ዘዴው ይሠራል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዲት ኖታ ለማረም ቴፑን መልሶ ማጠንጠን፣ ዴኩ ፍጥነቱን እስኪይዝ መጠበቅና እንደገና መስማት ያስፈልጋል። ቀኑ በመጠበቅ ያልፋል።

እኛም ዘንድ ኪቦርድ ነግሦ ነበር። ትላልቆቹ ባንዶች ሲበታተኑ እንደ አበጋዝ ክብረወርቅ ሽዎታ ያሉ ባለሙያዎች በጥቂት መሣሪያ ሙሉ ቅንብር መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ሲኒማው ግን ከመንግሥቱ የፊልም ኮርፖሬሽን ጋር አብሮ እየደከመ ነበር፤ የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» በ1984 ዓ.ም. ገደማ ሲወጣ የፊልም ጥቅል ዘመን ወደ ማብቂያው ተቃርቧል።

በዚያው 1984 ዓ.ም.፣ በኅዳር ገደማ፣ አፕል ኩይክታይም የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የምትታየው ተንቀሳቃሽ ምስል ቴምብር የምታክል ነበረች። ለሲኒማ አትሆንም፤ ለሙዚቀኛ ግን በቂ ናት። ዝላዩን ማየት ከቻለ፣ ወደ ዝላዩም በአንድ ጠቅታ መሄድ ከቻለ፣ ሌላ ምን ይፈልጋል? ማጠንጠን ቀረ። ታሪኩ የታጠፈው እዚህ ላይ ነው።

ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም.፦ ካሴቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ

ቴምብሯን ወደ ሙሉ ምስል ማሳደግ ከባድ ነበር። ያልታመቀ የፓል ቪዲዮ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ዘመን የነበረ 100 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ በአምስት ሴኮንድ ይሞላል። ልጁ ሮጦ ሳይዘል ቦታው አለቀ ማለት ነው። መውጫው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ዲጂታል ቪዲዮ፣ በተለምዶ ዲ.ቪ. የምንለው፣ ሲመጣ ነው። ምስሉን በየፍሬሙ አምቆ አንድ ሰዓቱን በ13 ጊጋባይት ገደማ አስቀመጠ። ፋየርዋየር የተባለው ገመድ ደግሞ ካሜራውን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ። ለአሮጌው ቪ.ኤች.ኤስ ካፕቸር ካርድ ተሠራ፦ ቢጫው ገመድ ምስሉን፣ ቀዩና ነጩ ድምፁን ያስገባሉ፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ማፍጠኛ የለውም።

የኢትዮጵያ ፊልም እንደገና የተነሣው በዚሁ በር ነው። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የሔለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን» በቪዲዮ ተሠርቶ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገባ፤ ቀጥሎ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» መጣ። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ለማየት ተሰለፈ። የፊልም ማጠቢያ ዋጋ የከበደው ሀገር በካሜራ፣ በካሴትና በኮምፒውተር ኢንዱስትሪ አቋቋመ። ኤዲቲንግ ቤቶች በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰኑ እንደ አዳማና ሐዋሳ ባሉ ከተሞችም ተከፈቱ። ክሊፕና ሠርግ ቪ.ሲ.ዲ ላይ ታትሞ ተሸጠ። ኤልያስ መልካን የመሰሉ አቀናባሪዎች ሙዚቃቸውን ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሆኑ። ምስሉም ዜማውም አንድ ማሽን ውስጥ ገቡ።

አንድ ማሽን ውስጥ ገቡ ማለት ግን ሰዓታቸው ተስማማ ማለት አይደለም። በዚህ ዘመን ቪዲዮ የገለበጠ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሦስት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው የጠፋ ፍሬም ነው። ያረጀ ክር ሲንቀጠቀጥ ኮምፒውተሩ አንዳንድ ምስል ይዘላል፤ ድምፁ ግን ይቀጥላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተናጋሪው ከንፈርና ቃሉ ይለያያሉ። ሁለተኛው የድምፅ ናሙና ነው። ቪዲዮ በሴኮንድ 48,000፣ የሙዚቃ ሲዲ 44,100 ናሙና ይወስዳል፤ አንዱን በሌላው ስም የከፈተ ሰው ድምፁን አንድ ተኩል ሴሚቶን ያህል ይጥለዋል ወይም ያነሣዋል። ሦስተኛው የፊልምና የቪዲዮ ልዩነት ነው። በ24 የተቀረጸ ፊልም በ25 ሲሄድ የ90 ደቂቃው በ86 ደቂቃ ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ዜማውም ከግማሽ ሴሚቶን በላይ ይቀጥናል።

እነዚህ ስሕተቶች በእኛ ሙዚቃ ላይ ይበልጥ ይከፋሉ። የፒያኖ ድምፅ ከፍ ዝቅ ቢል በመቃኛ ይጋለጣል። ክራርና ማሲንቆ ግን የሚቃኙት በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ትዝታው ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም ትዝታ ነው። ስለዚህ አንድ የአዝማሪ ቅጂ በስሕተት ቢፈጥን የሚመሰክርበት የለም፤ የድምፃዊው ማንነት ተለውጦ «እንዲህ ነበር የሚዘፍነው» ተብሎ ይቀራል። ያለን አንድ ጥሩ ምስክር ግን መብራታችን ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በአዳራሽ በተቀረጸ ድምፅ ሥር የሚሰማው የማጉያው «እም» የሚል ጉርምርምታ በኮምፒውተር ሲለካ 50 ላይ ወይም በእጥፉ 100 ላይ መገኘት አለበት። 48 ወይም 46 ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ሰዓቱ ተዛብቷል። ጠንቃቃ ገልባጭ ይህን ሳይለካ ለሙዚቀኛ ፋይል አይሰጥም።

በ1997 ዓ.ም. የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን አሮጌ ቅጂዎች ይዞ በዓለም ሲኒማ ቤቶች ዞረ። ሠላሳ ዓመት ምስል ሲጠብቁ የነበሩት ዜማዎች ምስላቸውን አገኙ። ያገኙትም ቅጂው ስለተረፈ ነው።

ከ2000 እስከ 2008 ዓ.ም.፦ የ«ጤዛ» ዘመንና የዴክ መጨረሻ

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ሙዚቃውን የሠሩት ኢትዮጵያዊው ሳክስፎን ተጫዋች ጆርጋ መስፍንና የሕንድ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ፒያኒስት ቪጄ አየር ናቸው፤ በካርቴጅ ፌስቲቫል የምርጥ ሙዚቃ ሽልማት አግኝተውበታል። የማጀቢያ ሙዚቃ በእኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን ያ ሽልማት አስመሰከረ። ለምስል የተጻፈ ዜማ ከአልበም ተቆርጦ ከሚለጠፍ ዘፈን የሚለየው፣ የሰውን እስትንፋስና ዝምታ ተከትሎ ስለሚሠራ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሙዚቀኛው ያ እስትንፋስ የሚወድቅበትን ፍሬም ማወቅ አለበት።

በዚህ ጊዜ ካሜራዎቹ ክር ትተው በካርድ መቅረጽ ጀመሩ። ለአዲስ ሥራ መገልበጥ የሚባል ነገር ቀረ፤ ፋይሉ ከካሜራ ወጥቶ ሙዚቀኛው ጋ ይደርሳል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም የመጨረሻው ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ማምረት አቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ያሉት ዴኮች ቁጥር የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አልሆነም።

ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ፦ የቀረን ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል መዛግብት ማኅበር ጋር ስለ ማግኔት ቴፕ ማስጠንቀቂያ አወጣ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ በቴፕ ላይ ያለውን የሰው ልጅ ትዝታ የማውጫው ጊዜ እያለቀ ነው፤ ክሩ ያረጃል፣ ማጫወቻው ይጠፋል፣ ማጫወቻውን የሚጠግነውም ሰው ያረጃል። ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ማስጠንቀቂያው ይበልጥ ይቀርባል። ሙቀቱ ክሩን ከማግኔት ቅቡ ጋር የሚያያይዘውን ሙጫ ያደክማል፤ አቧራው ክሩን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ ይፍቃል፤ በዝናብ ወራት እርጥበት ያገኘ ካሴት ደግሞ ሻጋታ ያወጣል።

በካሴቶቻችን ውስጥ ያለው ሠርግ ብቻ አይደለም። አሁን በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ ሴቶች እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ፣ ልጆች በላንጋኖ ዳር ሲጫወቱ ተቀርጿል። ነገ ስለዚህ ዘመን ፊልም የሚሠራ ወጣት ምስሉን የሚያገኘው ከዚያ ነው፤ ሙዚቀኛውም የሠርግ ዘፈኑን ትክክለኛ ምት የሚሰማው ከዚያ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የታደሰው፣ የሙላቱ ዜማ ምስሉን ያገኘው አንድ ሰው ዋናውን ቅጂ ስላልጣለ ነው።

እንግዲህ ካሴት ያላችሁ ሁሉ፣ ከዚህ ክረምት በፊት ይህን አድርጉ። ካሴቱን አውጥታችሁ እዩት፤ በመስኮቱ በኩል ነጭ ሻጋታ ከታየ ዴክ ውስጥ አታስገቡት፤ ለባለሙያ ስጡት። ንጹሕ ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፤ ሄዱን አስጠርጉ፤ ከዚያ አስገልብጡ። ገልባጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ እዚህ የተቀረጸውን በፓል 25 ፍሬም እንዲገለብጥ፣ ድምፁን በ48,000 እንዲይዝ፣ አሳንሶ ከሚሰጣችሁ ፋይል በተጨማሪ ዋናውን ትልቁን ፋይል እንዲሰጣችሁ። ፋይሉን በሁለት ዲስክ፣ በሁለት ቤት አስቀምጡ። በምስሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ ጻፉ። ካሴቱንም ከተገለበጠ በኋላ አትጣሉት።

«ላንጋኖ 1988» የሚለው ጽሑፍ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የዘለለው ልጅ አሁን ጎልማሳ ነው። ዝላዩ ያለበት ፍሬም እስካሁን በክሩ ላይ አለ፤ የሚያጫውተው ዴክ ግን በከተማው ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቢቀር ነው።